ከአገጭ ሥር የቀረች ጢም

አጎቴ ዝገት የበላውን ታጣፊ ምላጭ ከባሕር ዳር ገበያ የገዙት፣ ደርግ ልጃቸውን በገደለባቸው ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስም፣ ለኀዘን ጢም ማሳደግም ያሳስር ነበር። ጣና ዳር ተቀምጠው ዝገቱን በአመድና በሎሚ ፈተጉ፤ ስለቱን በድንጋይ ሳሉ።

«አያ፣ ፀጉር ቆራጩ እያለ ምን አለፋዎት?» አልኋቸው።

«እሱማ ሙልጭ አድርጎ ይላጨኛል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሲላጩ ከአገጫቸው ሥር ጥፍር የምታክል ጢም ያስቀሩ ነበር። ቀበሌ ሲጠሯቸው እንዳትታይ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ፤ ሰው ግን «ፈሪ» ይላቸው ነበር።

በቀደም አረፉ። ሳጥባቸው ያቺ ጢም እንዳለች ነበረች፤ ነጥታለች።

ዛሬ የሚከለክል የለም። ምላጩን ግድግዳው ላይ ሰቅየ ጢሜን ሙሉውን እያሳደግሁ ነው፤ ለእሳቸውም፣ ለልጃቸውም።