አዎ ያሏት እናት

ደምበል ፊት ለፊት ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት የጠፋች ልጇን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። አላየኋትም አልኳት። ወደሚቀጥለው ሰው ስታልፍ የካዛንቺሱ ጎረቤታችን አባባ ደጀኔ ትዝ አሉኝ።

ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ሰው ነበሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዝናብ እየጣለ፣ እኛ ቤት ተቀምጠው ለእናቴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«አንዲት አሮጊት የልጇን ፎቶ ይዛ ወታደሩን ሁሉ ትጠይቅ ነበር። ቋንቋውን አላውቅም፤ ቆንጆ ናት ለማለት ራሴን ነቀነቅሁላት። እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ለካ አይተሃታል ወይ ነው ያለችኝ።»

«ልጅቷስ?» አለች እናቴ።

«ጃፓኖች አገሩን ይዘው ሳሉ ፋብሪካ ትሠራለች ብለው ወሰዷት። እነሱ ተሸንፈው ወጡ፤ እሷ አልተመለሰችም። አስተርጓሚው እንደነገረኝ ፋብሪካም አልነበረም። ለወታደሮቻቸው ነው።»

«ምግብ ልትሠራላቸው?» አልኩ።

እናቴ ዝናቡ ሳያባራ «ውጪ ሄደሽ ተጫወቺ» አለችኝ። በረንዳው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ።

«ታዲያ ልጅቷን እንዳላዩዋት አልነገሯትም?»

«አፌ እምቢ አለኝ። ስንለቅ በእጇ የሰፋችውን የጥጥ ካልሲ ለልጄ አድርስልኝ ብላ አስያዘችኝ። ይኸው ሣጥኔ ውስጥ አለ።»

ልጅቷ ለምን እንደተወሰደች የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አባባ ደጀኔ አርፈዋል። ሰፈራችን ሲፈርስ ዕቃቸውን የጫኑትን ልጆቻቸውን ስለ ካልሲው ጠየቅኋቸው። ስለ እሱ የሰማ አንድም አልነበረም።