የቀትሩ በር

ድሬዳዋ በቀን ትተኛለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ባለባጃጁ ጥላ ይፈልጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ሰውን አይፈልግም። ከደጋ ለመጣሁት ለእኔ ይህ ስንፍና መሰለኝ። ጤና ጣቢያችን በቀትር ለድንገተኛ ብቻ ተረኛ አስቀምጦ ሌላውን ሲዘጋ፣ እኔ የምርመራ ክፍሌን ክፍት ተውኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከገጠር፣ ከጀልዴሳ የመጡ አንዲት ሴት ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ዘጠኝ ሰዓትን ሲጠብቁ አይቼ አንጀቴ አልቻለም ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በቀትር አንድ ብቻ የነበረው ታካሚ ሦስት ሆነ፣ ቀጥሎ አግዳሚው ሞላ። ምሳዬ ሳምቡሳ ሆነ፣ እሱም ከተገኘ። ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር። ታካሚው ሕመሙን ሲነግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማውም። አንድ ቀን ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ "እማዬ" ብላ ስትሮጥ "ተራሽን ጠብቂ!" አልኳት። ሶፋው ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ጠበቀች። እዚያው ቆረጥኩ፤ ሥራዬን እለቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ለኃላፊያችን "ከሥራ በኋላ የምነግርህ ነገር አለ" አልኩት። ገብቶት አንገቱን ደፋ።

በዚያው ቀን በቀትር ቀፊራ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ የደም ግፊት ታካሚዬ መጣች። አሮጊት ናት፤ ግን "እርስዎ" ስላት "ስንት ሆኜ ታየሁሽ?" ብላ ስለሳቀችብኝ አንቺ እላታለሁ። ሻሿ በላብ ርሷል። ለካኋት፤ ከፍ ብሏል። ቱግ አልኩ።

"በዚህ ፀሐይ ምን አመጣሽ? ጠዋት አይሻልም?"

"አንቺ ነሻ! አቦ፣ እኛ በዚህ ሰዓት መውጣት የምንወድ መሰለሽ?"

"እኔ ምን አደረግሁ?"

"ዶክተሯ እንግዳ ናት፣ በቀትር በሯን ከፍታ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ካልሄድንላት ቅር ይላታል ተባባልን። ወላሂ ለአንቺ ብለን ነው።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እኔ ለእነሱ አዝኜ፣ እነሱ ለእኔ አዝነው፣ በአንድ ፀሐይ ስንጠበስ ከርመናል።

ሴትዮዋ የግፊት መለኪያውን ከክንዷ ፈትታ "አምጪ ክንድሽን" አለችኝ። አሠረችልኝ። የወጣው ቁጥር ከእሷ በለጠ። ቁጥሩን ማየቷን አልወደድኩትም።

"በይ ዝጊ፣ ኢንተላ ቲያ" አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። "እኔም ልተኛ፣ አንቺም ተኚ።"

መድኃኒቷን አስተካክዬ ሸኘኋት። ስትወጣ አግዳሚው ላይ ለነበሩት ዶክተሯ ልትተኛ መሆኑን በኦሮምኛም በሶማልኛም ነገረቻቸው። ተራችሁ ለዘጠኝ ሰዓት ይቆያል ስላቸው እየሳቁ ተነሡ። አንዲት እናት "አልሐምዱሊላህ!" ስትል ሰማሁ።

ዘግቼ የምርመራ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታካሚ አንኳኩቶ ቀሰቀሰኝ። ስለ ወገቡ ሲያወራኝ ቃል በቃል ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። ወረፋው ግን አልቀነሰም፣ ዛሬም አልቀነሰም።

አመሻሽ ላይ ኃላፊያችን ፊቱን አጨፍግጎ በሬ ላይ ቆመ።

"በይ ንገሪኝ" አለ።

"ከነገ ጀምሮ ከስድስት እስከ ዘጠኝ እዘጋለሁ።"

የጠበቀው መልቀቂያ ነበር።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እከፍታለሁ" አልኩት።