በረኛውን ሱባኤ የላክሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቄስ ነኝ፤ ቄስም ቢሆን የንስሐ አባት አለው። የእኔ ሁለቱ ሞቱብኝና አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። ለሦስቱም ቁጣዬን፣ ስስቴን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይችን ብቻ ዘለልኳት። በየዓመቱ ዘለልኳት። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ፤ ስለማታውቁኝ ነው።

ኃጢአቴ የሚጀምረው ከኳስ ነው። አትሳቁ። በደርግ ጊዜ እዚህ ላሊበላ ሁለት ቡድን ነበር፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። እኔ የላይ ሰፈር ሰው ነኝ። ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ኳሷ ገደል ከገባች ተፈልጋ እስክትመጣ ድረስ ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ይሰዳደባል። ቄስ ኳስ ሜዳ መቆሙ ነውር ስለሆነ እኔ መቋሚያዬን ይዤ መንገደኛ መስዬ በዳር አልፋለሁ። ደግሞ ተመልሼ አልፋለሁ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሳልፍ እውላለሁ። «አባ ዛሬም መንገዱ ጠፋባቸው» ይላሉ የሰፈሩ ጎረምሶች። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ለዋንጫ ደረስን፤ ሦስቱንም በታች ሰፈር ተሸነፍን። ያሸነፈን አንድ ልጅ ነው ብል አልዋሸሁም፤ በረኛቸው ምስጋናው። ዝምተኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ እጁ የገበሬ እጅ ነው። በሦስተኛው ዓመት ፍጹም ቅጣት ምታችንን ሲያወጣብን ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ባለቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ማን እንደሆነ ንገረኝ እያለች ለመነችኝ። ምኑን ልንገራት? ይኸው ምስጋናው የንስሐ ልጄ ነው። እናቱ የሺም የንስሐ ልጄ ናት፤ ባል የሌላት፣ ከእሱ በቀር ልጅ የሌላት።

በአራተኛው ዓመት እንደገና ከእነሱ ጋር ለዋንጫ ደረስን። ጨዋታው እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት ምስጋናው ሊናዘዝ መጣ። ረቡዕ ከልምምድ ሲመለስ ጠምቶት ወተት ጠጥቷል፤ የጾም ቀን መሆኑ ትዝ ያለው ኩባያውን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ይኸው ነው ኃጢአቱ። ለዚህ ሠላሳ ስግደት ይበቃዋል። ለሌላው ሁሉ የምሰጠው ሠላሳ ስግደት ነበር። እኔ ግን ከከተማ ውጭ ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ሄደህ ሰባት ቀን ሱባኤ ግባ አልኩት። ነገ በጠዋት ተነሣ አልኩት።

«አባ፣ ከእሑድ በኋላ ቢሆንስ?» አለኝ።

«ለእግዚአብሔር ቀጠሮ ልትሰጥ ነው?»

አንገቱን ደፍቶ መስቀሌን ተሳለመ። ቡድኑ ቢለምነው፣ ቢቆጣው እምቢ አለ። የንስሐ አባቴ ያዘዙኝን አላፈርስም አለ። በእውነት እላችኋለሁ፣ እምቢ እንደሚል አውቅ ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ቀኖናውን አሳድሮ ይጫወት ነበር። እኔ የተጠቀምኩት በደግነቱ ነው።

ያ ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ወጣት ከገበያም ከመንገድም እየታፈሰ ይጫናል። የአውራጃው ሹም ኳስ ወዳጅ ስለነበሩ ዋንጫው እስኪያልቅ ድረስ ከተማ ውስጥ ተጫዋች እንዳይነካ ተብሎ ነበር። ከከተማ ውጭ ግን በረኛ መሆኑን ማን ያውቅለታል? ይህን አላውቅም ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት አሰብኩት ወይ? አላሰብኩትም። ባስበውስ ኖሮ እተወው ነበር? እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የማቆመው። ዛሬ አላቆምም፤ እልከው ነበር ይመስለኛል።

እሑድ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በረኛ አድርገው ያቆሙት ተከላካያቸውን ነበር፤ ኳሷ በእግሮቹ መካከል ገባች። የዚያን ቀን መንገደኛ መምሰሉን ረስቼ ጥምጣሜ እስኪፈታ ዘለልኩ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ማክሰኞ ወሬው መጣ። ምስጋናው ዓርብ ዕለት ስንቁን ተሸክሞ ሲሄድ መንገድ ላይ ታፍሷል። ይምርሐነ አልደረሰም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔን ገደደኝ። የሺ ቤት ሄጄ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ፣ አጽናናሁ፣ ጸሎት አደረስኩ፣ የቀረበልኝን በላሁ። ምንም አልተሰማኝም። እስካሁንም እንደዚያው ነኝ፤ እጄን ተኝቼበት እንደደነዘዘኝ ዓይነት ነው፣ እንዳለ አውቃለሁ እንጂ አይሰማኝም።

ዋንጫው ካለቀ በኋላም የተወሰዱ ተጫዋቾች አሉ። ምናልባት ምስጋናውም አይቀርለትም ነበር። ይችን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ? ሊሆን ይችላል። የላክሁት ግን እኔ ነኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከማሰልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ። የሺ ማንበብ ስለማትችል ለእኔ አመጣችው። እኔው አነበብኩላት። ደኅና ነኝ ይላል፣ በሬውን እንዳትሸጪ ይላል። ከዚያ «አባን ጠይቂልኝ» ይላል፤ «ሰባቱን ቀን ሳልፈጽም ተያዝኩ፤ ቀኖናዬን ምን ላድርገው?»

የሺ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አባቴ፣ ልጄ ምን ቢያደርግ ነው ይህን ያህል የከበደብዎት? ሰው ገድሎ ነው?»

ወተት ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። «የንስሐ ነገር አይወጣም» አልኳት። የእኔን ኃጢአት በእሱ ምስጢር ሸፈንኩት። እውነተኛ ሕግ ነው፤ ለዚህ ነው የተመቸኝ። እሷም ሱባኤውን እኔ ልፈጽምለት ወይ አለችኝ። ፈጽሚለት አልኳት። ለልጁ መልስ ግን አልጻፍኩም።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ጦርነቱ አለቀ፤ የሚመለሱት ተመለሱ፤ ምስጋናው አልተመለሰም። የሺ ግን በየዓመቱ ያንን ዳገት ወጥታ ወርዳ ይምርሐነ ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ መፈጸም ይበቃል አላልኳትም፤ በቃሽ አላልኳትም። ስትሄድ አየሁ፤ ስትመለስ አየሁ። ሰው ገዳይ ልጅ ያላት እናት ሆና ነው ያረጀችው።

ዘንድሮ በሰው ተደግፋ ቤቴ መጣች። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ አባቴ፤ ልጄ ሳይፈታ ልሞት ነው» ብላ አለቀሰች። ያኔም አልነገርኳትም። መስቀሌን አንሥቼ እግዚአብሔር ይፍታው አልኩ። የሺ እልል አለች። እጄን ይዛ አገላብጣ ሳመችው፣ ውለታዎን ምን ልክፈል አለችኝ። እጄን አልነጠቅኋትም፤ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ ይፍታህ አትበሉኝ።