የመምህር ተስፋዬ ኮምፒውተር ሲነሳ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና የጀመርኩ ዕለት መብራት ሄደ። እኔም ጮህኩ። የተፈታ ማሽን ፊት መፍቻ ይዤ ስለነበር ያቃጠልኩት መስሎኝ ነው። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሙክታር ከጅማ በኩል የመጡ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ስቀው ስቀው ሲበቃቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ከተማ መብራት በሄደ ቁጥር ከጮህሽ ድምፅሽ አይተርፍም" አሉኝ። መጮኹን ተውኩ። መፍራቱ ግን አብሮኝ ከረመ።

በእኔ ጊዜ አሮጌ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚመጣውን ሥዕል ማስቀየር ፋሽን ነበር። አንዱ የቴፒ ነጋዴ የጭነት መኪናውን አስገባ፤ ሙሽሮች የሠርጋቸውን ፎቶ ያመጡ ነበር። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚታየውን መቀየር ቀላል ነው፤ ቢበላሽ እንደገና ይጫናል። ከእሱ በፊት የሚመጣው የአምራቹ ምልክት ግን ማዘርቦርድ በምንለው ዋና ሰሌዳ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ለመቀየር ቺፗ ላይ ያለው ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ባዮስ ፍላሽ ማድረግ እንለዋለን። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ዳግመኛ አይነሳም። ሱቃችን ውስጥ ማዳኛ መሣሪያ ስላልነበረን፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ "አንሠራም" ብዬ እገላገል ነበር።

አስቴር የመጣችው ግን ለፋሽን አልነበረም። አባቷ መምህር ተስፋዬ ሸኮ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው ተያዘ፤ ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ ነገርም ይረሳሉ። የሚፈልጉትን በግራ እጃቸው፣ በአንድ ጣት እየመቱ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ይጽፋሉ፤ ቤተሰቡ ያነባል። ሌላ መነጋገሪያ የላቸውም። ስልክ ላይ ጣታቸው ይስታል። አዲስ ማሽን ቢገዛላቸው በእጃቸው ገፉት።

"ታዲያ ችግሩ ምንድነው?" አልኳት።

"መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አባዬ ፊት እንደገና ይነሳል። ያንን የእንግሊዝኛ ምልክት ሲያይ የሰው ዕቃ የነካ ይመስለዋል። ደንግጦ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ አይመለስም።"

"ምልክቱን ባጠፋውስ?"

"አንድ ልጅ አጥፍቶት ነበር። አባዬ በጥቁር ላይ ነጭ ቁጥር ሲግተለተል አይቶ ባሰበት። የእማዬን ፎቶ አድርጊልኝ። እሷን ካየ ቤቱ መሆኑን ያውቃል።" እናቷ አባቷ ከመታመማቸው በፊት ነበር ያረፉት።

ጋሽ ሙክታር ከወንበራቸው ሆነው፣ "ትሠሪዋለሽ ወይስ ትፈሪዋለሽ?" አሉኝ።

"ሁለቱንም" አልኳቸው።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራውን ዩፒኤስ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ባትሪውን አላመንኩትም፤ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ሰካሁበትና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም። ያም ሆኖ ፈራሁ፤ ማሽኑን ብገድለው የምዘጋው የሰው አፍ ነው። ቺፗ ትልቅ ሥዕል አትቀበልም። ፎቶውን አሳነስኩ፣ ቀለሙን ቀነስኩ፣ የሴትዮዋ ፊት እንዳይጠፋ ብዙ ታገልኩ። ጻፍኩት። በሰላም አለቀ።

ማሽኑ ሲነሳ ሚስታቸው መስተዋቱ ላይ ብቅ አሉ። መምህር ተስፋዬ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። አስቴር አቅፋ ሳመችኝ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ዘርግተው፣ "የት ሄደች?" ብለው ጻፉ።

አስቴር አጠገባቸው ተንበረከከች። ከዚያ የእናቷን ማረፍ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሰውየው ያን ቀን እንደሰሙት ሆነው አለቀሱ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አስቴር ዓይኗ አብጦ ሱቅ መጣች። "መብራት በመጣ ቁጥር መርዶ ነጋሪ ሆኛለሁ" አለችኝ። "ሰው መርዶ የሚነገረው አንድ ጊዜ ነው። አባዬ ግን በየቀኑ ይነገረዋል። እባክሽ ፎቶውን አውጪልኝ።"

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስፈራኝ። አንድ ጊዜ ተርፌያለሁ፤ ሁለተኛ ማን ዋስ ይሆነኛል? ዩፒኤሴን ይዤ ቤታቸው ስመለስ ሰማዩም ከብዶ፣ ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ይሰማ ነበር። አስቴር ምን እንደምናስገባ ታወጣ ታወርድ ጀመር። ትምህርት ቤቱን ይሁን? አበባ ይሁን? እኔ ወደ አባቷ ዞርኩ።

"መምህር፣ ማሽንዎ ሲነሳ ምን ይምጣልዎት?"

አስቴር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለካ እስከዚያ ቀን ማናችንም አልጠየቅናቸውም። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመቱ አንድ መስመር ጻፉ። በአረንጓዴ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል አዘጋጀሁትና ፍላሹን ጀመርኩ።

ገና ግማሽ ሳይደርስ ቤቱ ጨለመ። ዩፒኤሱ ጲጵ ጲጵ ይል ጀመር። በዚያ ሰዓት ምንም የሚሠራ እጅ የለም፤ አይነካም፣ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ማየት ነው። የጩኸቱ ፍጥነት ጨመረ፤ ባትሪው እያለቀ ነው ማለት ነው። አስቴር "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ትላለች። መምህር ተስፋዬ በጩኸቱ ደንግጠው ተነስተዋል፤ ግድግዳውን ይዘው ወደ በሩ ያያሉ። ማሽኑ ቢሞት ምን እንደምላቸው አሰብኩ።

ተጽፎ አለቀ። ማሽኑ እንደገና ሊነሳ በራሱ ጠፋ። ለአፍታ መስተዋቱ ጨለመ። ከዚያ አረንጓዴው መጣ፤ ላዩ ላይ እሳቸው የጻፉት መስመር ነበር።

"ተስፋዬ፣ ቁጭ በል።"

መምህር ተስፋዬ ከበሩ ዞሩ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡት። ግድግዳውን ለቀው መጡና ቁጭ አሉ።

ለጀማሪ ጠጋኞች የምለው ይኸው ነው፤ ሥራውን ያመጣው ሌላ፣ ማሽኑ ፊት የሚቀመጠው ሌላ ከሆነ፣ የሚቀመጠውን ጠይቁ።