ባለማሲንቆው ከማን ጋር በላ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የምትሠራው ሬዲዮ ጣቢያ ነው። አንድ ስሙ የገነነ ወጣት ዘፋኝ እንግዳዋ ሊሆን ነውና፣ አድናቂዎቹ ምን እንዲጠየቅላቸው እንደሚፈልጉ ስታሰባስብ ሰንብታለች። የሚወደው ምግብ ምንድን ነው፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ለማን ዘፈነው፣ ሚስት መቼ ያገባል። አነበበችልኝና «አባዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ትጠይቀው ነበር?» አለችኝ።

«እኔ የዘፋኝ ነገር ምን አውቃለሁ?» አልሁና ወሬውን ወደ ጤናዋ መለስሁት። ልጆቼ የሚያውቁኝ እንዲህ ነው። ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። አንድ ጊዜ፣ በሃያ ዓመቴ፣ እኔም ጠይቄ አውቃለሁ።

አባቴ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለ አንድ ደብር መሪጌታ ነበር። ድምፄ ጥሩ ስለሆነ በእርሱ እግር ለመተካት ድጓ እማር ነበር። ይሁን እንጂ ጆሮዬ ወደ ሌላ ሄደ። በዚያ ዘመን አንድ ባለማሲንቆ ነበር፤ ስሙን ሳልጠራው ብቀር ይሻላል። ካሴቱ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያልተሰማበት ጠጅ ቤት፣ ያልተሰማበት አውቶቡስ አልነበረም። እሱን ሰምቼ ማሲንቆ አበጀሁ። አባቴ አልጮኸም፣ አልመታኝምም። «እኔና ይኼ እንጨት በአንድ ጣራ ሥር አናድርም» አለ ብቻ። እንጨቱን ይዤ ወጣሁ።

አዘዞ ወርጄ ጎሚስታ ቤት ተቀጠርሁ። ቀን የፈነዳ ጎማ ስለጥፍ እውልና ማታ ኪራይ ክፍሌ ገብቼ ያንን አንድ ጭራ እገዘግዛለሁ። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ብዙዎች ብቸኝነት የሚመስላቸው ሰው ማጣት ነው፤ ጎሚስታ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ብቸኝነት ማዕድ ማጣት ነው። «ብላ» የሚለኝ ሳይኖር፣ ሽሮዬን ግድግዳ እያየሁ እበላ ነበር።

ጥር ላይ አሠሪዬ አያ ታከለ የወንድሙ ልጅ ዳባት ላይ ስትዳር ይዞኝ ሄደ። ሰርጉ ላይ ያ ባለማሲንቆ እንደሚመጣ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲወስደኝ፣ ደቀ መዝሙሩ እንዲያደርገኝ ልለምነው ቆረጥሁ። ከዚያ በፊት ግን የምጠይቀው ብዙ ነበር። ብርድ ሲሆን ጭራውን በምን ያላላዋል? በካሴቱ የመጀመሪያ ዘፈን መካከል ትንፋሹን የሚቆርጠው ስለ ምን ነው? የሚዘፍንላት ያቺ ሴት እውነት ነበረች ወይ? ከሁሉ በታች ደግሞ አንድ የማልደፍረው ነበር፤ የእሱን ኑሮ ብይዝ ሰው ይኖረኛል ወይ?

በአሮጌ የጭነት መኪና ወለቃን፣ መንገድ ዳር የተደረደረውን የሸክላ ዕቃ አልፈን ወደ ወገራ ወጣን። ገብሱ ታጭዷል፤ ሜዳው ቃርሚያ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ጥያቄዎቼን በልቤ ስደጋግም ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሮ አያ ታከለ አየኝ።

«ምነው? ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ እንዲህ የምትጨነቅ?»

የአባቴ ደብር ዛፎች ከመንገዱ በስተቀኝ ሲታዩ ፊቴን ወደ ግራ አዞርሁ።

ዳሱ ውስጥ ከሩቅ ሆኜ አየሁት። ከካሴቱ ድምፅ ያነሰ፣ ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር። ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነቀነቁ። ተራ በተራ ሰው እየተነሣ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜማል። ሰው ለባለማሲንቆ የሚናገርበት መንገድ ይኸው ነበር፤ እኔም ሌላ መንገድ አላወቅሁም። ተነሣሁና ሰጠሁት።

«ያገሩን ሰው ሁሉ ስታጫውት ውለህ፣
ማታ ስትመለስ ከቤት ውስጥ ማን አለህ?»

አንድ አፍታ ዐየኝ። ከዚያ ወደ ሙሽራይቱ አባት ዞሮ ተንበረከከና ግጥሜን ለእሳቸው አዜመው። ሰውዬው አንድያ ልጃቸውን ነበር የሚድሩት። እንግዳ ሲያስተናግዱ ውለው ማታ ባዶ ቤት እንደሚገቡ ገና ያኔ የገባቸው ይመስል በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሴቶቹ አለቀሱ። «ይደገም!» ተባለ። ደገመው። ጥያቄዬ ከእጄ ወጥቶ የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ። ልማዱን እያወቅሁ መሳሳቴ ገረመኝ፤ ባለማሲንቆ ይቀበላል እንጂ አይመልስም።

ምሳ ሲቀርብ ሰው ሁሉ በየመሶቡ ዙሪያ ተሰበሰበ። እሱን ዐይኔ ፈልጎ አጣው። ከዳሱ ጀርባ ዞር ስል፣ የገብስ ክምር ተጠግቶ፣ በአንድ ሰሃን ለብቻው ይበላል። በዚያ ዘመን ከባለማሲንቆ ጋር በአንድ መሶብ አይበላም፤ ወጉ እንደዚያ ነበር። ሲዘፍን «ይደገም!» ያሉት ሰዎች መሶባቸውን አላካፈሉትም። እኔም ወጉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በእሱ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብሁም ነበር። ወግ ሁሉ ጨዋነት እንዳልሆነ ያን ቀን ተማርሁ።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ።

«አያ፣ ማሲንቆ እሞካክራለሁ። ይዘውኝ ይሂዱ።»

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርሁት። የመሪጌታ ልጅ መሆኔን፣ ከቤት መውጣቴን ሁሉ። የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሰሃኑ ላይ አኖረ።

«ቁጭ በል። ብላ።»

አብረን በላን። ዶሮው በርዷል፤ የገብሱ እንጀራ ግን ገና ለስላሳ ነበር። አጎረሰኝ፤ እኔም አጎረስሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የእሱም ሳይሆን አልቀረም፣ ቀስ እያለ ነበር የሚያላምጠው።

«ያቺ ግጥም ሸጋ ናት» አለኝ። «ለኔ እንደሆነች አውቄያለሁ። ለኔ ብዬ ብዘፍናት ግን ሰርጉን ማን ይጨርስልኛል?»

አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

«ብወስድህ አብሮኝ የሚበላ አገኝ ነበር» አለ ሰሃኑን እያየ። «አንተ ግን ታጣለህ። አባትህ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ከዳሱ ተጠራ። እጁን ተለቃልቆ፣ ማሲንቆውን አንሥቶ፣ ፊቱን በፈገግታ አስተካክሎ ገባ። የቀሩትን ጥያቄዎቼን ይዤ እዚያው ክምሩ ሥር ተቀመጥሁ። የጭራውን ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

በማግሥቱ ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ «አውርዱኝ» አልሁ። አያ ታከለ «ጎማው ሳይተነፍስ አንተ ተነፈስህ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም መኪናውን አስቆመልኝ። አባቴ ማዕድ ላይ ነበር። በር ላይ ቆሜ ባየኝ ጊዜ «እጅህን ታጠብ» አለ። ማሲንቆው አዘዞ ክፍሌ ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስሁበትም።

መሪጌታ ግን አልሆንሁም። የኤሌክትሪክ ሥራ ከመጽሐፍ በራሴ ተምሬ በዚያ ቤተሰብ አስተዳደርሁ። ትክክል አደረግሁ ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ለልጆቼ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ፤ ለዚህ ግን የለኝም። እጄ ምን ሊያወጣ ይችል እንደነበር ሳላይ ነው የቀረሁት። ያ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ ሲባል ሰማሁ። ማን እንደቀበረው የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ትናንት ልጄን መልሼ ደወልሁላት።

«ምሳ ከማን ጋር እንደሚበላ ጠይቂው» አልኋት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ሆቴል ነው የሚበላው።»

«ሆቴል ሰው ነው እንዴ?»

ሳቀች። ትጠይቀው አትጠይቀው እንጃ። ወጣቱ መልሱን ሊሸከም የሚችል መሆኑንም አላውቅም፤ ሰው ጥያቄ ሲያነሣ ይኼንንም ማሰብ አለበት።

ልጆቼን ሳሳድግ አንድ የማላላው ሕግ ነበረኝ፤ ሁሉም ተሰብስቦ ሳይቀመጥ እንጀራ አይቆረስም። ፈተና ያለበት፣ ያኮረፈ፣ ኳስ ጨዋታ የቀረበት፣ ሁሉም ይጠብቃል። እናታቸው እንኳ «አሁንስ አበዛኸው» ትለኝ ነበር። ልጆቹ ሥርዓት መስሏቸው ኖሯል፤ ያደጉት በፍርሃቴ ነው። ዛሬ እናታቸው የለችም፤ እነሱም በየአገሩ ናቸው። የምትሠራልኝ ሴትዮ ምሳዬን አቅርባ ስትሄድ፣ ክዳኑን ሳላነሣ ጥቂት እቆያለሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ እበላለሁ።