ምክትሉን እዩ ይል የነበረው ሸምሰዲን

ሸምሰዲንን ያወቅሁት በልጄ በነሲባ ሱቅ ነው። ሱቁ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን በምትባል ከተማ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በጎማ ቤት መሀል ነበር። በርበሬ፣ ሽሮና የስልክ ካርድ ይሸጥበታል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሐላል ሥጋ ይመጣል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ በርበሬ እየመዘንኩ በከረጢት አሽጋለሁ። ከኋላ፣ ከሩዝ ጆንያዎቹ አጠገብ፣ አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ኤርፖርቱ ካለበት ከኮሌጅ ፓርክ ሲመለሱ እዚያ ይቀመጡና ምርጫ ሲያወሩ ይውላሉ።

ሸምሰዲን ቀጭን ነው፤ በበጋም ቢሆን የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ አይፈታም። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በዲቪ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ብቻውን መጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ነዚፋን አገባ፣ ስድስት ሳምንት አብሯት ኖረና ሥራው እንዳይወሰድበት ተመለሰ። ልጁ ኢልሀም የተወለደችው እሱ እዚህ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጠብቅ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ሚስቱን ለማምጣት ብዙ ዓመት ወረፋ ይጠብቃል፤ ዜጋ የሆነ ግን ቶሎ ያመጣል። ስለዚህ የሸምሰዲን ንግግር ሁሉ የሚጀምረው “ዜጋ ስሆን” በሚል ነበር። ዜጋ ሲሆን ሁለት መኝታ ቤት ይከራያል። ዜጋ ሲሆን የማታውን ሥራ ይተዋል። ኢልሀምን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ራሱ ነው።

በምርጫ ወሬ ላይ አንድ የራሱ ነገር ነበረው። ሌሎቹ ፕሬዚዳንት ሊሆን ስለሚወዳደረው ሰው ሲከራከሩ እሱ ስለ ምክትሉ ይጠይቃል። በደርግ ጊዜ ልጅ ነበር፤ አባቱ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን የሊቀመንበር ፎቶ አውርደው ሌላ ሲሰቅሉ አይቷል። አዲሱ ፎቶ የቀድሞው ምክትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊት የቆመውን ሰው አላምንም ይላል። ዋናውን ተዉት፣ ምክትሉን እዩ፣ እያለ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል።

በዚህ በጣም የሚያሾፍበት ወንዳፍራሽ ነው። ወንዳፍራሽ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እሑድ እሑድ ጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር የአዲስ አበባ ሰው ነው።

“አንተ ሸምሱ፣ ሚስት ስታጭም ያየኸው ሚዜዋን ነው እንዴ?” አለው አንድ ቀን።

“ሚዜዋን አይቼ ነው ያገባኋት። አንተን ብትመስል ኖሮ ጥዬ እመጣ ነበር።”

ነሲባ እንኳ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሳቀች።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺህ አራት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው የሚፎካከረው ሰው ማንን ምክትል ያደርጋል የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። ጥላዬ የሚባለው ሾፌር ወታደር የነበረ ሰው ይያዝ ይላል። ወንዳፍራሽ፣ ያለው ፕሬዚዳንት ይጸልያል፣ እሱ ነው የሚያሸንፈው፣ ብሎ ይዘጋዋል። ሸምሰዲን ከጋዜጣ የቀደዳቸውን ስሞች ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። በመጨረሻ ምክትሉ ታወቀ፤ ከሰሜን ካሮላይና የመጣ ወጣት ጠበቃ ነው ተባለ። ሸምሰዲን ራሱ የመረጠው ይመስል ለሁሉም ለስላሳ ጋበዘ።

በመስከረም፣ ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ፣ መስጊዱ ፓርኪንግ ላይ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ ቆማ ለምርጫ ሰው ትመዘግባለች። ጥሩ ልጅ ነበረች፣ ፊቷ ሁሉ ፈገግታ። እኔ በዚያ ዓመት ዜግነት አግኝቼ ነበር። ፊደል የቆጠርኩትም እዚሁ፣ ከስድሳ ዓመቴ በኋላ ነው። ስሜን በገዛ እጄ ጽፌ ተመዘገብኩ። ሸምሰዲን ከጎኔ ቆሞ አየኝ።

“ልጄ፣ ሲመዘግቡ ተመዝገብ” አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። እኛ አገር ሰው ሲመዘገብ ስሙ የቀረ ሰው ስኳርም አያገኝ፣ ችግር ሲመጣም እንደ ሰው የሚቆጥረው የለም። ቀበሌ መዝገብ ይዞ ሲመጣ ለምንድነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስምህን ትሰጣለህ፣ ትፈርማለህ። ልጅቱ የመንጃ ላይሰንስ አለህ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው። አለኝ አላት። እሷ ሞላችለት፣ በጣቷ ባሳየችው ቦታ ፈረመ። ከላይ የተጻፈውን አላነበበም። እኔም ያኔ ትልልቁን ፊደል እንጂ ደቃቁን አላነብም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት በስሙ የመራጭ ካርድ በፖስታ መጣለት። የሚመርጥበት ትምህርት ቤት ሳይቀር ተጽፎበታል። ይዞት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“አንተ፣ ሲቲዝን ሆንክ እንዴ?” አለው ጥላዬ።

ሸምሰዲን፣ እኔ ሄጄ አልለመንኩ፣ መንግሥት ራሱ ነው የላከልኝ፣ አለ። ወንዳፍራሽ ካርዱን ገልብጦ አየውና የእነዚህ ሰዎች ኮምፒውተር የማያውቀው ነገር የለም፣ ባይፈቀድለት ኖሮ አይልኩለትም፣ ብሎ ፈረደ። ጥላዬም ተቀበለ። እኔም ነሲባም ተቀበልን። ከመንግሥት በስም የመጣ ወረቀት ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ከአንዳችንም አልመጣም። እንዲያውም ተጠርቶ መቅረት ያስጠይቃል ብለን ፈራን።

በምርጫው ቀን በታክሲው ወስዶኝ አብረን ተሰለፍን። ስንወጣ መርጫለሁ የሚል፣ የኮክ ፍሬ ሥዕል ያለበት ትንሽ ተለጣፊ ሰጡን። እኔ ነጠላዬ ላይ ለጠፍኩት። እሱ እንዳይበላሽ ብሎ ካርዱና ሌላው ወረቀቱ ያለበት ፋይል ውስጥ ከተተው። የመረጠው ሰው ተሸነፈ። ወንዳፍራሽ አንድ ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ደራሽ እየመሰለ፣ አላህ ያጽናህ ሸምሱ፣ ሲለው ሰነበተ።

እዚህ ከመጣ አምስት ዓመቱ ሞልቶ ለዜግነት አመለከተ። ለፈተናው ያጠናው ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ የተማርኩባቸውን ካርዶች እያነሣሁ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ሳልጨርስ ይመልሳል። ቀኑ ሲደርስ ከጥላዬ ኮት ተውሶ ሄደ። እኛ ሱቅ ሆነን ጠበቅነው። ከሰዓት በኋላ ገባና ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

የሆነውን ቀስ እያለ ነገረን። ፈታኟ ሴትዮ ታሪኩንም እንግሊዝኛውንም ጠየቀችው፣ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ ፎርሙን እየተከተለች፣ መርጠህ ታውቃለህ ወይ አለችው። በደስታ፣ አዎ አላት። እንዲያውም ከፋይሉ ውስጥ ካርዱንና ተለጣፊውን አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት። ግዴታውን የሚወጣ ሰው መሆኑን እንድታይለት ነው።

“እስክሪብቶዋን አስቀመጠች እማማ” አለኝ። “ከዚያ በኋላ ፈገግ አላለችም።”

ማመልከቻው ውድቅ የመሆኑ ደብዳቤ መጣ፤ ቀጥሎ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ስማይርና ወዳለ ጠበቃ ነሲባ ይዛው ሄደች። ጠበቃው፣ ቀድመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ አታመልክት እልህ ነበር፣ አለው። ዜጋ ሳይሆን መምረጡ አንድ ጥፋት ነው። የባሰው ግን ያ ወረቀት ነው፤ ከላይ በደቃቅ ፊደል፣ እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ይላል፣ ከሥር የሸምሰዲን ፊርማ አለ። በዚህ የተባረረ ሰው ተመልሶ አይገባም። ሸምሰዲን፣ አላውቅም ነበር ብዬ ብነግራቸውስ፣ አለ። ጠበቃውም እንነግራቸዋለን አለ፤ የተናገረበትን ድምፅ ነሲባ ሰምታው ነበርና ቤት ስትገባ አለቀሰች።

ቀጠሮው እየተገፋ ሁለት ዓመት ሄደ። ለነዚፋ አልነገራትም። ወረቀቱ ዘገየ፣ ቢሮው ሥራ በዝቶበታል፣ እያለ ያስታምማታል። የስልክ ካርድ ሲገዛ አየዋለሁ፤ ለመደወል ውጪ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ ሲመለስ ደግሞ ፊቱን ታጥቦ ነው።

ሁለት ሺህ ስምንት ክረምት ሲመጣ ያቺ ጠረጴዛ ሰው አልችል አለች። አባቱ አፍሪካዊ የሆነ ሰው እየተወዳደረ ነው፤ ምርጫ አውርተው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ይከራከራሉ። እሱ ማንን ምክትል ያደርጋል፣ ተፎካካሪው ሽማግሌስ ማንን ይይዛል፣ ሌላ ወሬ የለም። ሸምሰዲን ጥግ ተቀምጦ የጥርስ መፋቂያ ይሰባብራል። ወንዳፍራሽ ሊያጫውተው ፈልጎ፣ ሸምሱ፣ ይሄማ ያንተ ሙያ ነው፣ ማንን ይያዝ፣ አለው።

“እኔን አትጠይቁኝ” አለና ተነሥቶ ወጣ።

ወንዳፍራሽ እጆቹን አየ። ያን ካርድ ገልብጦ ያየው እሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት ቀልዶ አያውቅም።

በነሐሴ ተፈረደ። እኔና ነሲባ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሸምሰዲን ሲናገር ሳያቋርጡ አዳመጡት፤ ከዚያ በአስተርጓሚ፣ እንዳላወቅህ አምንሃለሁ፣ ሕጉ ግን የምከፍትልህ በር አልሰጠኝም፣ አሉት። በገዛ እግሩ እንዲወጣ ስድሳ ቀን ሰጡት። ባያምኑት ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። ባያምኑት ሌላ የሚያምን ሰው ይፈለጋል። አምነውት ከሆነ ግን ምን ቀረ?

በሳምንቱ ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሰው ሳይገባበት መጣ።

“እማማ፣ ለነዚፋ እርስዎ ይንገሩልኝ።”

እኔ ልጄ ምን ብዬ አልኩት። መርዶ የሚያረዳ ትልቅ ሰው ነው፣ ሟቹ ራሱ አይናገርም፣ አለኝ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ አፉ ግን እሺ አላለውም። ካርዱን ፋቅሁና ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበብኩ ደወልኩ። እሱ ጆንያው አጠገብ ቆመ።

አንዳንዴ በስልክ ሰላም እንባባል ነበርና ነዚፋ ድምፄን ስትሰማ ደስ አላት። ኢልሀም በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች ብላ ስልኩን ሰጠቻት፤ ልጅቱም ቆጠረችልኝ። አሥራ አምስትን ዘለለች። ከዚያ እናቷን መልሰሽ ስጪኝ አልኩና ነገርኳት። ሌላ መንገድ አላገኘሁም፣ እንዳለ ነገርኳት።

“እኛ ልንመጣ ነበር እንጂ እሱ ሊመጣ አልነበረም” አለች። ደግሞ፣ ምን አጥፍቶ ነው አለችኝ።

“ምርጫ መርጦ።”

“ማንን መርጦ ነው?”

እኛ አገር ምርጫው ከተበላሸ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ በዚያ ሰበብ ታስሮ እንደነበር ሸምሰዲን ነግሮኛል። ማንንም ቢመርጥ ያው ነው ልጄ፣ መምረጡ ነው ጥፋቱ፣ አልኳት። አይደብቁኝ አለች። የመረጠውን ሰው ስም ነገርኳት።

“እሱ አሸነፈ?”

“ተሸነፈ።”

“እንግዲያው ያ ነው” አለች። “ቢያሸንፍ ኖሮ አይነኩትም ነበር።”

አይደለም ልል አፌን ስከፍት ሸምሰዲን ክንዴን ያዘኝ። የምትለው እሱ ድረስ ይሰማ ነበር።

“ይተዉዋት እማማ። ለሰው እንደዚያ ብላ ትንገር። ያ ይገባቸዋል።”

ነዚፋ በወዲያኛው ጫፍ፣ የተሸነፈ ሰው መርጦ ነው፣ እያለች ከጎኗ ላለ ሰው ስትናገር ይሰማኝ ነበር።