የሞቀ ኮፈን

ትናንት ጠዋት ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች አሮጌ ፒክአፕ ለማየት አብነት ሰፈር ሄድኩ። ሻጩ ፈገግ ብሎ፣ «እንዳትቸገሪ ብዬ ሞተሯን አሙቄ ጠበቅኩሽ» አለኝ። ኮፈኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሙቀቱ የሰባት ዓመት ልጅ አደረገኝ።

ያኔም ክረምት ነበር። አባቴ የመንግሥት ሥራውን ለቆ ዕቃ የሚጭንባት ፒክአፕ ሊገዛ እኔንም ይዞኝ ሄደ። የያኔው ሻጭ በልደታ ማርያም የአባቴ የጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። አብሮን የመጣው መካኒክ ኮፈኑን ዳሰሰና አባቴን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ችግሩ እንዳይታወቅ ሞተሩን ቀድሞ አሙቆታል። ነገ ሳይነካው መጥተን፣ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ እንስማው» አለው።

«አብሮኝ ጽዋ የሚጠጣውን ሰው ልጠርጥር? ነውር ነው!» አለ አባቴ።

ነውሩ ምኑ ላይ እንደሆነ አልገባኝም። ዝናብ የመታውን እጄን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ፣ «አባዬ፣ ደስ ስትል! ትሞቃለች» አልኩት። ሳቀ። ገዛት።

በማግስቱ አልነሳም አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ገፋት፤ ስንት መካኒክ ሞከራት። በመጨረሻ ጌጃ ሰፈር ደጃችን ላይ የዶሮ ማደሪያ ሆነች። አባቴ አፍሮ ከማኅበሩ ቀረ። ሰውዬው ግን አንድም ወር አልቀረም።

ትናንት ሻጩን፣ «ትቀዝቅዝ፣ እጠብቃለሁ» አልኩትና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ፊቱ ጠቆረ። «አታምኚኝም ማለት ነው?»

አባቴ እስኪሞት ከአፉ ያልወጣችው ቃል ከእኔ አፍ ወጣች።

«አዎ፣ አላምንህም!»